ባሕር ላይ ስለሚያርፍ ቤተሰብ የቀረበ ጥናት

የመዝናኛ መርከብ የተፈለሰፈው ሰው ስለደከመው አይደለም፤ መርከብ ሥራ ስለፈታ ነው። በአውሮፓ የብርድ ወራት አትላንቲክን የሚሻገር መንገደኛ ያነሰበት የሐምቡርጉ የመርከብ ኩባንያ ሹም አልበርት ባሊን፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1891 አውጉስታ ቪክቶሪያ የተባለችውን መርከብ 241 ሰው አሳፍሮ ወደ ሜዲትራኒያን ሰደዳት። ከዚያ ወዲህ ቤተሰብ የሚያርፈው መርከብ ቦዝኖ እንዳይውል ነው።

በጥናቱ መጀመሪያ የተመረመረው ክፍሉ ነው። ርካሹ የውስጥ ክፍል መስኮት የለውም። አራት ሰው ከነሻንጣው ይገባበታል፤ አንዱ ጫማውን ሲያስር ሦስቱ አልጋ ላይ ይወጣሉ። ለዚህ ችግር እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራ የጀመረው ዲዝኒ ድሪም የተባለ መርከብ መፍትሔ አበጀለት፦ ግድግዳው ላይ ክብ መስኮት የሚመስል ስክሪን ተሰቀለ። ውጭ የተገጠመ ካሜራ ባሕሩን በቀጥታ ያሳያል፤ አልፎ አልፎም የካርቱን ገጸ ባሕርይ ብቅ ይላል። ባሕር ለማየት ባሕር ድረስ የሄደው ቤተሰብ፣ ባሕሩን ተኝቶ በስክሪን ያያል። ልጆቹ ደስ ብሏቸዋል። ያዘኑት ከፋዮቹ ናቸው።

ከማያሚ ተነሥቶ ማያሚ የሚመለስ መርከብ ባሃማስ ላይ ለምን ይቆማል? አባት «አገር እንድናይ ነው» ይላል። አንዱ ምክንያት ግን የ1886ቱ የአሜሪካ ሕግ ነው፤ በውጭ አገር የተመዘገበ መርከብ የአሜሪካን ወደቦች ብቻ እያዳረሰ መንገደኛ እንዲያዝናና አይፈቅድም። አብዛኞቹ ትልልቅ መርከቦች ደግሞ የተመዘገቡት በባሃማስ፣ በፓናማና በመሳሰሉት አገሮች ነው። እናት የባሃማሷ ናሶ ላይ ወርዳ የፍሪጅ ማግኔት የምትገዛው፣ እንግዲህ፣ ለ19ኛው ክፍለ ዘመን አዋጅ ስትል ነው።

ዋጋው «ሁሉን ያካተተ» ይባላል። ዋይፋይ፣ ለስላሳ መጠጥና በየቀኑ በነፍስ ወከፍ የሚታሰበው ጉርሻ ብዙ ጊዜ ከዚህ «ሁሉ» ውጭ ናቸው። ቡፌው ግን ተከፍሎበታል፤ ስለዚህ አባት ገንዘቡን በሽሪምፕ ለማስመለስ ቆርጦ ይነሣል። ሲጠግብም አይተውም፤ ሒሳቡ አልተዘጋማ።

ለቅሬታ መለኪያ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2013 ካርኒቫል ትራያምፍ የተባለው መርከብ ከቴክሳስ፣ ጋልቨስተን ለ4 ቀን ሽርሽር ወጣ። የሞተር ክፍሉ በእሳት ተያይዞ ኃይል ጠፋ። ከ4,000 በላይ ሰው የጫነው መርከብ፣ አብዛኛው መጸዳጃው ከሥራ ውጭ ሆኖ፣ በጎታች ጀልባዎች እየተሳበ በ8ኛው ቀን አላባማ ደረሰ። በዚህ መለኪያ የአይስክሬም ማሽን ተበላሸ ብሎ ያኮረፈ ቤተሰብ ጉዞው ተሳክቶለታል።