የቆርኪ ሠራዊት ተሽከርካሪዎችን አሠራርና አጠቃቀም ለመደንገግ ባምባሲ ላይ የወጣ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! እናትህ ዘይት ግዛ ብላ የላከችህም ብትሆን ቁምና አድምጥ፤ ሱቁ አይሸሽም።

ነጋሪት ስለሌለን ሃያ ሊትር የሚይዝ ባዶ ጀሪካን በሽመል ዱላ ሦስት ጊዜ ተጎስሟል። ጀሪካኑ ለውሃ ስለተፈለገ አራተኛው ጉሰማ ለጊዜው ተላልፏል።

መግቢያ

ባምባሲ ከአሶሳ ወደ አዲስ አበባ በሚያወጣው መንገድ ላይ የተቀመጠች በመሆኗ፣ ሲኖትራክ፣ ቅጥቅጥ፣ ቦቴና ባጃጅ ሲያልፍ ያየ ልጅ ሁሉ ማታውኑ አምሳያውን በሽቦና በጣሳ ሠርቶ ጠዋት ጦር ሜዳ ይዞ የሚወጣ ስለሆነ፤

ሆኖም ሠሪው ሁሉ የተሽከርካሪውን ሕግ ራሱ እያወጣ «የእኔ አይመታም»፣ «የእኔ ይበራል»፣ «የእኔ ቢመታም ወዲያው ይድናል» በማለቱ ባለፈው የማንጎ ወቅት ሰባት ጦርነቶች ሳይጀመሩ የፈረሱ፣ ሦስቱ ደግሞ እናቶች ጣልቃ ገብተው በኩርኩም የቋጯቸው በመሆኑ፤

የውጭ አገር ተሞክሮ ያለ ውሎ አበል ተቀምሮ፣ የፕሩሲያው መኮንን ፎን ራይስቪትስ እ.ኤ.አ. በ1824 ለመኮንኖች ማሠልጠኛ ባሳተመው የጦርነት ጨዋታ ካርታ፣ ዳይስና ዳኛ ማስፈለጋቸው፤ እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች ጂ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1913 ስለዚሁ ጨዋታ መጽሐፍ ሲያወጣ፣ ወለል ላይ ተንበርክኮ በአሻንጉሊት መድፍ የቆርቆሮ ወታደር መምታት ትልቅ ሰውን እንደማያዋርድ ማስመስከሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1987 እንግሊዝ አገር የወጣው ዋርሃመር 40,000 የተባለው ጨዋታም ለብዙ ዓመታት የተሽከርካሪን ጋሻ ለፊት፣ ለጎንና ለኋላ ለየብቻ ከ10 እስከ 14 በሚደርስ ቁጥር ሲለካ መኖሩ ስለተረጋገጠ፤

የእነሱን ሕግ እንዳለ እንዳንገለብጠው ደግሞ ዝናባቸው፣ ጭቃቸውና ማንጓቸው ከእኛ ስለሚለይ፤

በማንጎው ጥላ ሥር የተሰበሰብን አሥራ አንድ ተጫዋቾች የሚከተለውን አውጀናል።

ክፍል አንድ፦ ጠቅላላ

አንቀጽ 1. አጭር ርዕስ
ይህ አዋጅ «የቆርኪ ሠራዊት ተሽከርካሪዎች አዋጅ ቁጥር 1» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል። ማንኛውም ማሻሻያ ከመጽደቁ በፊት አዋጁን አንድ ጊዜ ለማንበብ ጥረት ይደረጋል።

አንቀጽ 2. ትርጓሜ
የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፦
ሀ) «ወታደር» ማለት ያልተጣመመ የለስላሳ ወይም የቢራ ቆርኪ ነው። የቢራው ቆርኪ ከየት እንደመጣ አይጠየቅም።
ለ) «ተሽከርካሪ» ማለት ከሽቦ፣ ከጣሳ፣ ከሽመል፣ ከኩይሳ አፈር ወይም ካለቀ ሲሊፐር የተሠራ፣ ሲገፉት ሳይፈርስ የሚሄድ ነገር ነው። ሲገፉት የሚፈርስ «ሐውልት» ይባላል፤ ይከበራል እንጂ አይዋጋም።
ሐ) «ስንዝር» ማለት የጸሐፊዋ ስንዝር ነው። የሰብሳቢው ታላቅ ወንድም ስንዝር ሰብሳቢው ሲራመድ ብቻ መለኪያ ሆኖ ያገለገለበት ዘመን አብቅቷል።
መ) «ዳይስ» ማለት ከሉዶ ሳጥን ውስጥ ሳይጠፋ የቀረው አንዱ ዳይስ ነው።
ሠ) «ዳኛ» ማለት በዕለቱ ተሽከርካሪ የሌላት ተጫዋች ናት። ተሽከርካሪ ያለው ዳኛ ዳኛ አይደለም።

አንቀጽ 3. የጾታ አገላለጽ
አዋጁን የጻፈችው ጸሐፊዋ በመሆኗ በሴት ጾታ የተገለጸው ሁሉ ወንዱንም ያካትታል። ቅሬታ ያለው ወንድ ቀጣዩን አዋጅ በራሱ እጅ ጽሑፍ ያቅርብ።

አንቀጽ 4. ቋንቋ
«ተመታሽ» የሚለው ቃል በበርታኛ፣ በማኦኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በአማርኛ ቢነገር ውጤቱ እኩል ነው። በአራቱም ቋንቋ «ከረሜላ» ሲባል የምትሰማ ተጫዋች «ተመታሽ» ሲባል ብቻ ቋንቋ ጠፋኝ ማለት አትችልም።

ክፍል ሁለት፦ ስለ አሠራርና ስለ ዋጋ

አንቀጽ 5. ቁሳቁስ
1. የጎማ ዘንግ ከሽመል ይሆናል። የእኛ የቆላ ሽመል እንደ ደጋው ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ሳይሆን ድፍን ስለሆነ ሸክም ይችላል። ሲቀረጽ በርዝመቱ እንዳይሰነጠቅ ጫፍና ጫፉ በቀጭን ሽቦ ይጠመጠማል።
2. ጎማ ካለቀ ሲሊፐር ተረከዝ በጠርሙስ ክዳን ልክ ይቆረጣል፤ መሃሉ በጋለ ሚስማር ይበሳል። ሚስማሩ የሚግለው ሦስተኛው ቡና ከተጠጣ በኋላ በተረፈው ፍም ላይ ነው። በአቦሉ የሞከረች ለሚደርስባት ሁሉ ኃላፊነቱ የራሷ ነው። ካላለቀ ሲሊፐር ጎማ መቁረጥ የሚያስቀጣው በዚህ አዋጅ ሳይሆን በቤት ሕግ ነው።
3. የኩይሳ አፈር ታንክ ሦስት ቀን በጥላ ይደርቃል። በፀሐይ የቸኮለ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁም «የጦር ሜዳ ቁስል ነው» ተብሎ ሜዳልያ አይጠየቅበትም።

አንቀጽ 6. በጀት
1. ለእያንዳንዱ ተሽከርካሪ 20 ቆርኪ ይመደባል። ቆርኪው የምትከፍለው ዋጋ ነው፤ ተቆጥሮ ለዳኛዋ ይሰጣል፣ በአደራ ይቀመጣል።
2. ጋሻ ለፊት፣ ለጎንና ለኋላ ለየብቻ ይገዛል፤ ለአንድ ጋሻ 1 ቆርኪ።
3. በአንድ ተራ ለሚሄድ ለአንድ ስንዝር 1 ቆርኪ፤ ከስድስት ስንዝር በላይ ላለው ለእያንዳንዱ 2 ቆርኪ። ፍጥነት ሲበዛ ይወደዳል፤ ነዳጅ ተሰልፎ የቀዳ ያውቀዋል።
4. ለመድፍ ለአንድ ጉልበት 2 ቆርኪ።
5. ጋሻ ከ6 አይበልጥም። ምክንያቱም የድሃ ድሃ የሆነች፣ የመድፏ ጉልበት 1 ብቻ የሆነ ተጫዋች ዳይሷ 6 ቢወጣላት 7 ትሆናለች፤ 7 ደግሞ 6ን ይበሳል። የማይሸነፍ ተሽከርካሪ ያለበት ጨዋታ ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ ስብሰባ ይሆናል።

አንቀጽ 7. አመታት
1. ዳይስ ይጣላል፤ የመድፉ ጉልበት ይደመርበታል። ድምሩ በዚያ በኩል ካለው ጋሻ ከበለጠ ተሽከርካሪው ተበሳ፤ እኩል ከሆነ ተጫረ፣ አንድ ተራም ይቆማል፤ ካነሰ ጩኸት ብቻ ነው።
2. ጩኸቱን በአፍ ማሰማት ይፈቀዳል፤ የአፍ ጩኸት ግን ወደ ድምሩ አይገባም።

አንቀጽ 8. አርአያ ተሽከርካሪዎች
ለጀማሪዎች ሦስት አርአያዎች ተሰልተዋል፤ የሦስቱም ሂሳብ ልክ 20 ቆርኪ ነው።

1. ባጃጅ። ፊት 2፣ ጎን 1፣ ኋላ 1፤ ፍጥነት 9 ስንዝር፤ መድፍ 2። ከተመታች የለችም። ሥራዋ አለመመታት ነው፤ ይህም ከእውነተኛው የባጃጅ ሾፌር ሥራ ብዙም አይርቅም።

2. ትንሿ ታንክ። ፊት 6፣ ጎን 3፣ ኋላ 1፤ ፍጥነት 4፤ መድፍ 3፤ ወደ ፊት ብቻ ትተኩሳለች። ይህ ገደብ ከአየር ላይ አልመጣም። ጣልያን በ1928 ዓ.ም. ጦርነት ያመጣቸው ሁለት ሰው የሚይዙ ትናንሽ ታንኮች መትረየሳቸው ከፊታቸው ብዙም አይዞርም ነበር። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ደምበጉይና ላይ የራስ እምሩ ሠራዊት ሲገጥማቸው ተዋጊዎቹ በጎንና በኋላ ተጠግተው ላያቸው ላይ እስከ መውጣት ደረሱ። ስለዚህ ባጃጇ ከፊት ብትመጣ ዳይሷ 5 ወይም 6 ካልሆነ አትበሳም፤ ዞራ ከኋላ ከደረሰች ግን 1 ቢወጣላትም ይበቃታል። ሕጉ ለባጃጇ አላደላም። ታንኪቱ ፊቷን ስትገዛ ጀርባዋን ሸጣለች።

3. ሴባስቶፖል። ፊት 1፣ ጎን 1፣ ኋላ 1፤ ፍጥነት 1፤ መድፍ 8። የምትተኩስበት ሁሉ ይበሳል። ሆኖም ስድስት ወታደር ቆርኪ ካልጎተታት ንቅንቅ አትልም፤ ጎታቾቹም በዚያ ተራ አይዋጉም። ስሟን ያገኘችበት፣ አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩት ወደ 7 ቶን የሚጠጋ መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ፣ ተራራ እየተጠረገ፣ ገደል እየተደለደለ በሰው ጉልበት ሲጎተት ስድስት ወር ገደማ ፈጅቷል። ዛሬም እዚያው መቅደላ ላይ አለ። ትልቅ መድፍ የምትሠራ ተጫዋች ጎታቹን አስቀድማ ታስብ።

ክፍል ሦስት፦ ልዩ ሁኔታዎች

አንቀጽ 9. ሰማይ
1. ዝናብ ከጀመረ የሁሉም ፍጥነት በግማሽ ይቀነሳል። ከበረታ የኩይሳ አፈር ታንኮች ወደ መጡበት አፈር እንደተመለሱ ይቆጠራል፤ ለቅሶ በየቤቱ ይሆናል።
2. ከዛፉ የወደቀ ማንጎ የአየር ድብደባ ነው። የነካውን ተሽከርካሪ ጋሻ ሳያግደው ያወድማል፤ ማንጎው ለተጎጂዋ በካሳነት ይሰጣል።
3. ካሳው ከጉዳቱ ስለሚጣፍጥ ተሽከርካሪዋን ሆን ብላ ከበሰለ ማንጎ ሥር ያቆመች ተጫዋች ካሳውን ለዳኛዋ ታካፍላለች።

አንቀጽ 10. የማይመቱ
1. ሰው የጫነ ቅጥቅጥ፣ እህል የጫነ መኪና፣ የውሃ ቦቴና አምቡላንስ ቆርኪ አይከፈልባቸውም፤ ጋሻም መድፍም የላቸውም። የሚተኩስባቸው በዚያው ቅጽበት ይሸነፋል፤ ዳይስ አይጣልም።
2. ባምባሲ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ከሱዳን ብሉ ናይል በጦርነት የተፈናቀሉ ሰዎችን ያስጠለለ መጠለያ ጣቢያ ያለባት ወረዳ ናት። ይህን አንቀጽ ያቀረበው ልጅ ምክንያቱን እንዲያስረዳ አልተጠየቀም። ያለ ክርክር አልፏል።

አንቀጽ 11. ስለ ሰብሳቢው ታንክ
1. ከሦስት የድልህ ጣሳ የተሠራው «የማይደፈረው» የተባለው የሰብሳቢው ታንክ ፊት 6፣ ጎን 6፣ ኋላ 6፣ ፍጥነት 6፣ መድፍ 5 ሆኖ ተመዝግቧል።
2. ሂሳቡ 34 ቆርኪ ቢመጣም ትርፉ 14 ቆርኪ «ለሜዳው ልዩ ጠቀሜታ» በሚል ርዕስ ተይዟል።
3. ይህ አንቀጽ በ9 ድጋፍ፣ በ1 ተቃውሞና በ1 ድምፀ ተዓቅቦ ጸድቋል። ተቃውሞው የጸሐፊዋ ነው። ተዓቅቦው አፉ በማንጎ የተሞላ አባል ነው። የ9ኙ ድጋፍ የተሰጠው ዳይሱ የሰብሳቢው ንብረት መሆኑ ከተገለጸ በኋላ ነው።

ክፍል አራት፦ ስለ መለዋወጥና ስለ መጽናት

አንቀጽ 12. የመለዋወጥ ግዴታ
1. ማንኛዋም ሕግ አውጪ ያወጣችው ሕግ ከመጽናቱ በፊት የራሷን ተሽከርካሪ ለባላንጣዋ ሰጥታ፣ የባላንጣዋን ተቀብላ አንድ ሙሉ ጦርነት ትጫወታለች።
2. ይህን አንቀጽ ያቀረበችው ጸሐፊዋ ስትሆን ሰብሳቢው «እኔ በማንም መኪና አሸንፋለሁ» በማለት በደስታ ደግፎታል።
3. በዚሁ መሠረት የማይደፈረው ለሰብሳቢው ታናሽ እህት፣ ለሰባት ዓመቷ ተጫዋች ተሰጠ። ሰብሳቢው ባጃጇን ተረከበ። ባጃጇ ዞረች፣ ከታንኩ ኋላ ደረሰች፣ ተኮሰች፤ ዳይሱ 3 ወጣ፤ የኋላ ጋሻውም 6 ነው። ታንኩ ዞሮ ተኮሰ፤ ዳይሱ 1 ወጣ፤ 1 እና 5 ስድስት፤ የባጃጇ ጋሻ 2። ሁለተኛዋ ባጃጅ መጣች። እንደዚያው። ሦስተኛዋም። ሕፃኗ ከዚህ በኋላ ዳይሱን ሳታይ እየጣለች ከጎረቤቷ ጋር ስለ ሌላ ጉዳይ ታወራ ጀመር።
4. በአራተኛዋ ባጃጅ ላይ ሰብሳቢው ተነሥቶ አንቀጽ 11 ፍርደ ገምድል ነው፣ የድሃ ተጫዋቾችን መብት ይጥሳል፣ በማን እንደተረቀቀም ሊጣራ ይገባል ሲል አቤቱታ አቀረበ። አቤቱታው የቀረበው ለሰብሳቢው ስለነበር በዕለቱ ውሳኔ አገኘ።

አንቀጽ 13. የተሻሩ ሕጎች
1. አንቀጽ 11 በአንቀጽ 12 ተሽሯል። ነገር ግን ከወረቀቱ ላይ አይሰረዝም፤ ቀጣዩ ሰብሳቢ ያነብበዋል።
2. «የእኔ ስለሆነ» የሚል ልማዳዊ አሠራር በዚህ አዋጅ በተሸፈኑ ጉዳዮች ላይ ተፈጻሚነት አይኖረውም።

አንቀጽ 14. ቅጣት
ቆርኪ ደብቃ ጋሻ የጨመረች ተጫዋች ለሦስት ጦርነት ዳኛ ትሆናለች። ዳኝነት ቅጣት መሆኑን ያልተቀበለች ሞክራ ትየው።

አንቀጽ 15. አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ
ይህ አዋጅ አሥራ አንዳችንም ተሽከርካሪዎቻችንን ተለዋውጠን ከተጫወትን በኋላ «እንደገና እንጫወት» ካልንበት ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል።

ባምባሲ፣ የማንጎው ወቅት ሳያልቅ
የሰብሳቢው ፊርማ፣ የጸሐፊዋ ፊርማ፣ ከሰል የተቀባ የቆርኪ ማኅተም

ማሳሰቢያ፦ ጀሪካኑ ከቦኖ ስለተመለሰ የተላለፈው አራተኛ ጉሰማ ተፈጽሟል። በውሃ ስለተሞላ ድምፅ አልሰጠም፤ እንደተሰማ ይቆጠር።