ነቢይ ሲተርብ

«ነቢይ ያለቅሳል እንጂ አይተርብም» ያልኸኝ የእንጅባራ ፈረሰኛ፣ እስቲ ልጓምህን ያዝ አድርገህ ስማኝ። ጥር 23 በፈረሰኞች በዓል ሰባት ቤት አገው እያየህ ብትንጎራደድ ያምርብሃል። ሚክያስ ቢያገኝህ ግን ከነኮርቻህ ይጥልህ ነበር።

የሞሬሼቱ ሚክያስ በትንቢቱ ምዕራፍ 1 የአካባቢውን ከተሞች በገዛ ስማቸው ለከፋቸው። ባለ ምሽጓ ለኪሶ በዕብራይስጥ «ላኪሽ» ናት፤ ፈጣን ፈረስ ደግሞ «ሬኬሽ»። ስሟን ከፈረሷ ጋር ቤት አስመትቶ ጫኚ አላት። አክዚብን «አክዛብ»፣ አታላይ፣ አላት። ቤተ ልዓፍራን አፈር ላይ አንከባለላት። ይቺኛዋ አስተርጓሚ አያሻትም፤ የእነሱ «ዓፋር» የእኛው አፈር ነው።

«መርዶ በጨዋታ ይነገራል ወይ?» አልህ? ስብከቱንማ ምሳ ሳይደርስ ትረሳዋለህ። በስምህ የተረበህን ግን በተጠራህ ቁጥር ትሰማዋለህ።

«ኢሳይያስ ግን ጨዋ ነው!» ጨው ነው በለኝ፤ ቁስል ላይ የሚነሰነስ። በምዕራፍ 5 ፈጣሪ ፍርድን፣ «ሚሽፓት»ን፣ ሲጠብቅ «ሚስፓሕ»፣ ደም፣ ገጠመው። ጽድቅን፣ «ጽዳቃ»ን፣ ሲጠብቅ «ጽዓቃ»፣ የተገፋ ሰው ጩኸት፣ ሰማ። ከሩቅ ለሚያዳምጥ ፍርድ ይመስላል፤ ጠጋ ላለ ደም ነው። እንዲህ ያለ ዳኛ አታውቅም?

«አሞጽስ? እረኛ ተረብ ከየት ተማረ?» ካህኑ አሜስያስ «ይሁዳ ሄደህ እየተነበይህ ብላ» ብሎ ሊያባርረው የሞከረውን እረኛ ነው የምትንቀው? የበጋ ፍሬ፣ «ቃይጽ»፣ በቅርጫት ታየው፤ ከዚያው ቅርጫት ውስጥ «ቄጽ»ን፣ ፍጻሜን፣ አወጣላቸው። ብላ ላለው ይኸው መብል!

የዳንግላው የቅኔ ተማሪም ጣልቃ ገብቶ «የእኛ ሰምና ወርቅ ይበልጣል» ይለኛል። አዋቂው፣ አንተ ወርቁን ሸሽገህ ፈልጉ ትላለህ። ነቢዩ ሁለቱን ቃላት በአደባባይ አፋጥጦ «ምረጡ» ይላል። ያንተን ያልገባው ሰው አጨብጭቦ ይሄዳል፤ የእሱን ያልገባው ግን ይማረካል።

ላኪሽን ጠይቃት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ701 ዓመት የአሦሩ ሰናክሬም ከቦ ያዛት፣ ድሉንም በነነዌ ቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይ አስቀረጸ። ቅርጹ ዛሬ ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ነው። የባለ ፈረሷ ከተማ ሰዎች በምን ሲጋዙ የሚታዩ ይመስልሃል? በበሬ ጋሪ!

እንግዲህ ፈረሰኛዬ፣ በቅጽል ስምህ ሲተርቡህ ሳቅ። በስምህ ከመጡብህ ግን ቶሎ ጫን።