ገድለ ጥላሁን ዘሀገረ ጂንካ

ዘፈን እወዳለሁ የሚል ሰው የሚወደውን ዘፈን ስለ ምን እንደማያዳምጥ አብራርቶ የሚያስረዳኝ ሊቅ ቢገኝ፣ ከአዲስ አበባም ይነሣ ከጎንደር፣ እስከ ጂንካ የሚያደርሰውን የመኪና ሒሳብ እኔ እችላለሁ። ነገሩ ትንሽ ነው፤ ትንሽ መሆኑንም ዐውቃለሁ፤ ነገር ግን በጥርስ መካከል እንደ ቀረች የሥጋ ጅማት ምላሴ ዘወትር ወደ እርሱ እየሄደ ስላስቸገረኝ ተናግሬ ልገላገለው። እኔ በማዘወትርበት ቡና ቤት፣ ቀትር አልፎ ጥላው ወደ በረንዳው መዞር ሲጀምር፣ የጥላሁን ገሠሠ ዘፈን ይከፈታል፤ የሚከፈተውም በባለቤቲቱ ፈቃድ ሳይሆን በተሰብሳቢው ልመና፣ አንዳንድ ጊዜም በተሰብሳቢው ቁጣ ነው። ትራምፔቱና ሳክስፎኑ መንገዱን ጠርገው፣ ያ ድምፅ ከደረት ተነሥቶ ወደ ላይ ሊወጣ ሲል፣ ሰው ሁሉ ትንፋሹን መያዝ በሚገባው በዚያች ቅጽበት፣ ከተሰብሳቢው አንዱ እጁን ያነሣና «አንቺ ልጅ፣ እስቲ ቀንሺው፤ ይህችን ሲዘፍን የሆነውን ልንገራችሁ» ይላል። ትቀንሰዋለች። ይነግረናል። እርሱ ነግሮ ሲጨርስ ዘፈኑም ያልቃል፤ ያን ጊዜ ሁሉም በአንድ ቃል «አቤት ድምፅ!» እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ የማንን ድምፅ ማለታቸው እንደ ሆነ እግዜር ይወቅ።

ከዚህ ማኅበር ቋሚዎች አንዱ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ዓመተ ምሕረት ሳይጠቅሱ ቡና እንኳ የማይጠጡ ሰው። ሁለተኛው ከአርባ ምንጭ በኮንሶ፣ በወይጦና በቀይ አፈር አድርጎ ዕቃ የሚያመላልስ የአይሱዙ ሾፌር ነው። ሦስተኛው ከቡና ቤቱ ደጃፍ ሲንጀሩን ተክሎ የሚውል ልብስ ሰፊ ሲሆን፣ እርሱ በልቡ የማሕሙድ አሕመድ ወገን ነው፤ መርካቶ ውስጥ ጫማ ይጠርግ ከነበረ ልጅ ያን የመሰለ ዘፋኝ መውጣቱን በእጁ ሠርቶ ለሚያድር ሁሉ እንደ ተሰጠ ማዕርግ ይቈጥረዋል፤ ዳሩ ግን በጥላሁን ጉባኤ ማሕሙድን ማንሣት ስለማይፈቀድለት አንገቱን ደፍቶ ቁልፍ ይተክላል።

እነዚህ ሰዎች ያለ ብራናና ያለ ቀለም ገድል በመጻፍ ላይ መሆናቸውን ከተረዳሁት ቆይቷል። እውነቱን ለመናገርም የጥላሁን ሕይወት ለገድል ጸሓፊ እጅግ የተመቸ ነው። መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም. ተወለደ፤ ዕለቱ መስቀል ነው። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ዐረፈ፤ ዕለቱ ትንሣኤ ነው። ጋሼ እነዚህን ሁለት ቀኖች ሲጠሩ ድምፃቸው ወደ ምንባብ ዜማ ይለወጣል፤ የቀደሙት ስንክሳር ጸሓፊዎች እንዲህ ያለ መነሻና መድረሻ ቢያገኙ መካከሉን ለመሙላት አንድ ሌሊትም አይፈጅባቸውም ነበር። መካከሉ ደግሞ ባዶ አይደለም፤ ወሊሶ ከአያቶቹ ዘንድ ማደጉ፣ ትምህርቱን ጥሎ ወደ አዲስ አበባ መኰብለሉ፣ ቱሉ ቦሎ ላይ ተይዞ መመለሱ፣ እንደ ገናም በጭነት መኪና ላይ ተደብቆ መሄዱ፣ ሀገር ፍቅር ቴአትር መግባቱ፣ ከዚያም ወደ ክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ መዛወሩ፣ ከታኅሣሥ 1953ቱ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ በኋላም መታሰሩ፣ ይህ ሁሉ ተደርድሮ ሲነገር ከገድል የሚጐድለው ምናኔው ብቻ ነው።

ሾፌራችን ግን ከዚህ ሁሉ ታሪክ መካከል የጭነት መኪናዋን ይዞ አይለቅም። ምን ጭና ነበር? ጋሼ «እህል» ይላሉ። ሾፌሩ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ከእህል ጆንያ ሥር የተደበቀ ልጅ አዲስ አበባ ሳይደርስ ታፍኖ ይሞታል፤ ባዶ በርሜል ነው» ይላል። አንድም ቆዳ ነው፤ ሽታውን ደፍሮ የሚበረብር ፈታሽ ስለማይገኝ። አንድም ከሰል ነው፤ ልጁ ወርዶ ፊቱን ሳይታጠብ አያቱም ብትመጣ ስለማትለየው። የመጻሕፍት መምህራን ለአንዲት ቃል አራት አምስት ትርጓሜ ሲያወርዱ ቢያንስ ንባቡ ከፊታቸው ተዘርግቶ ነው፤ የእኛዎቹ ግን ንባቡ ከበስተ ኋላቸው፣ ማንንም ላለማስቸገር የሚጠነቀቅ ይመስል፣ በቀስታ እየዘፈነ ያልቃል።

የዚህ ገድል ሌላው ጠባይ ተራኪው ሁሉ የዓይን ምስክር መሆኑ ነው። ብሔራዊ ቴአትርን አይቶ የማያውቅ ሰው ከኛ ማኅበር ብቻ ቢሰማ፣ አዳራሹ የፊት ረድፍ እንጂ ሌላ ወንበር የሌለው፣ ከፊተኛው ረድፍ ኋላ ወዲያው ግድግዳ የሆነ ይመስለዋል። ሥርዓተ ቀብሩ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሲፈጸም፣ አስቀድሞም በመስቀል አደባባይ ሲሸኝ፣ በነዚህ ሰዎች ቃል የሄድን እንደ ሆነ፣ ጂንካ ባዶዋን ነበረች፤ በዚያ ሳምንት የቅዳሜውን ገበያ ማን እንደ ቆመው፣ የአሪው ገበሬ ቡናውንና ኮረሪማውን ለማን እንደ ሸጠ እስከ ዛሬ ድረስ አልተገለጠልኝም።

ዘፈኑ ራሱ ወደዚህ ከተማ እንዴት እንደ ደረሰ የጠየቅሁ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ከገድሉ ይልቅ ይጥማል። ካሴቱ ከመርካቶ ተገዝቶ፣ በአውቶቡስ ተጭኖ፣ የወይጦን ትኵሳትና የቀይ አፈርን አቧራ ጠጥቶ ይመጣል፤ የሚመጣው ግን አንድ ነው፤ ፈላጊው ብዙ ነው። ስለዚህ በዚያ ዘመን አንድ ባለ ሱቅ ሁለት ቴፕ ፊት ለፊት አስቀምጦ፣ አንዱ እንዲዘፍን ሌላው እንዲቀርጽ አድርጎ፣ ቤተሰቡን በሙሉ ጸጥ አሰኝቶ ይገለብጥ ነበር። ሚስቱን ዝም ማሰኘት ይችላል፤ ሕፃኑን በጡት ይደልላል፤ አውሮፕላኑን ግን አይችልም። የጂንካ ሰው ያስታውሰዋል፣ አዲሱ ማረፊያ ከመሠራቱ በፊት አውሮፕላን የሚያርፈው በከተማዋ እምብርት ባለው የሣር ሜዳ ላይ ነበር፤ አውሮፕላን በሌለ ቀን ከብት ይሰማራበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፤ አውሮፕላኑ ከሰማይ ብቅ ሲል ግን ላሙን፣ በጉንና ኳሱን ከሜዳው ለማውጣት ታላቅ ጩኸት ይሆናል። የባለ ሱቁ መስኮት ደግሞ ወደዚያው ወደ ሜዳው ነው። እንግዲህ ድምፁ ሊወጣ ሲል፣ ከዚያችው ቦታ ላይ፣ ሞተር እያጓራ ይመጣል፤ «ሂጅ! ሂጅ!» የሚል የእረኛ ጩኸት ይከተላል፤ አንዲት ላምም እምቧ ትላለች፤ ከዚያ ዘፈኑ ይቀጥላል።

ይህ ቅጂ ተገለበጠ፤ የቅጂው ቅጂም ተገለበጠ፤ በጭነት መኪና እስከ ዲመካና ቱርሚ፣ እስከ ኦሞራቴም ወረደ። በደብተራ ሥርዓት የጸሓፊ ግድፈት ከመጽሐፉ ጋር አብሮ ይገለበጣል፤ ሦስተኛው ቅጂ ላይ ሲደርስ ግድፈትነቱ ይቀርና ንባብ ይሆናል፤ አራተኛው ላይ ትርጓሜ ይወጣለታል። ልብስ ሰፊያችን ያደገው በዚያ ቅጂ ነው። ባለፈው ያው ዘፈን በሬዲዮ ሲሰማ መቀሱን አስቀምጦ ጆሮውን ሰጠ፤ ዝማሬው ያቺን ቦታ አልፎ ሲሄድም ፊቱ ጠቈረ፤ «ይቺ ጎደሎ ናት፤ አውሮፕላኗን አውጥተውባታል» አለ። ጋሼ ሊያርሙት ጀምረው ነበር፤ ነገር ግን ሾፌሩ ቀድሞ፣ አውሮፕላኗ የተወዳጅቱን ከአገር መውጣት ታመለክታለች፣ ላሟም የቀረው ሰው ሐዘን ናት ብሎ ስለ ተረጐመው፣ ጋሼ ራሳቸው ጥቂት አሰቡና «ይህስ መጥፎ አይደለም» አሉ።

ወጣቶቹ ይሻሉ እንደ ሆነ ብዬ ወደ እነርሱ ዘወር ብዬ ነበር። ከዩኒቨርሲቲው የሚመጣ አንድ ተማሪ አለ፤ የቴዲ አፍሮ ወገን ነው፤ በ2009 ዓ.ም. የወጣው «ኢትዮጵያ» የተባለው አልበም በቢልቦርድ የዓለም ሙዚቃ ሠንጠረዥ አንደኛ መውጣቱን፣ በ2010 ዓ.ም. ጥር ላይ ባሕር ዳር ስታዲዮም የተሰበሰበውን ሕዝብ ብዛት፣ በግጥሙ ምክንያት የተነሣውን ክርክር ሁሉ ያውቃል። «ማር እስከ ጧፍ»ን ከፍቶ፣ ገና መግቢያው ሳያልቅ በጣቱ አቆመና፣ ይህ ዘፈን ከሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» መወሰዱን ያስረዳን ጀመር። መጽሐፉን አንብበኸዋል ወይ ብለው ጋሼ ቢጠይቁት «ጋሼ፣ ዘፈኑ አለ አይደል?» አላቸው። ዘፈኑ ግን ቆሞ ነበር።

እስከዚህ ድረስ ስቄ አሳልፌዋለሁ። የማላሳልፈው ወሬው ወደ 1985 ዓ.ም. ሲዞር ነው፤ ሁልጊዜም ይዞራል። መልክእ ደራሲ ከራስ ፀጉር ጀምሮ እስከ እግር ጥፍር ድረስ የጻድቁን ሕዋሳት አንድ በአንድ እየጠራ ሰላምታ ያቀርባል፤ እነዚህም የዘፋኙን አካል በተራ ይጠራሉ፤ የሚያቀርቡት ግን ሰላምታ አይደለም። አንገቱ ላይ ስለት ያሳረፈበት ማን ነበር? እገሌ ናት፣ የለም እገሌ ነው፤ ቢላዋ ነው፣ የለም ምላጭ ነው፤ ስንት ስፌት ተሰፋ? ከአንገቱ ሲጨርሱ ወደ እግሩ ይወርዳሉ፤ የስኳር በሽታ የነሣው የትኛውን እግሩን ነበር፣ ቀኙ ወይስ ግራው፤ ከዚያ ወደ ጓዳው ይገባሉ፣ የስንት ሴት ባል፣ የስንት ልጅ አባት። ባለ ቤቱ ራሱ ብዙውን በልቡ ይዞት የሄደውን ነገር ሰባት መቶ ኪሎ ሜትር ርቀው ተቀምጠው የሰውን አንገት ቡና ቁርስ ያደርጉታል! ይህን የሚሉትም «ነፍሴን እሰጠው ነበር» የሚሉት ናቸው፤ ነፍስ የሚሰጠው ሰው ግን ዕድሜ ልኩን የገዛው የባለ ሱቁን ቅጂ ነው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ በኋላም ቢሆን ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲያስገለብጥ ኖረ እንጂ፣ ለዚያ ድምፅ ከኪሱ አንዲት ሳንቲም ወጥታ ወሊሶም ሆነ አዲስ አበባ አልደረሰችም። ወደደ ማለት ይህ ነው? ሰው ከሞተ በኋላ እንኳ ቁስሉን እየነካኩ ድምፁን መቀነስ?

ይህን ሁሉ በልቤ ብቻ ይዤ መቆየት ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን አፌ አመለጠኝና «ጋሼ፣ እርስዎ እንኳ!» አልሁ፤ ድምፄም ከዘፋኙ ድምፅ በለጠ። ጸጥታ ሆነ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና «ልክ ብለሃል፤ ነገር ግን ግራው ነው» አሉ። ያን ጊዜ ባለቤቲቱ እትዬ ጀበናውን አንሥታ «ቶናው ቀዘቀዘኮ፤ እናንተ ሰዎች ቡናዬን በጠብ አታበላሹብኝ» ብላ ቀዳችልን፤ ከእርስዋ ጋር ደግሞ የሚከራከር የለም።

ዕለቱ ቅዳሜ ስለ ነበረ ደጃፉ ላይ ገበያተኛ ይመላለሳል። ከማጎ ማዶ ለገበያ የመጣ አንድ የሙርሲ ወጣት፣ ብርድ ልብሱን በትከሻው ላይ አጣፍቶ፣ ከምሰሶው አጠገብ ቆሞ ነበር፤ ከመቼ ጀምሮ እንደ ቆመ ማንም ልብ አላለውም፤ እኛ ስንጨቃጨቅ ዘፈኑን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያዳመጠ እርሱ ብቻ ነው። በሙርሲም ሆነ በጎረቤቱ በቦዲ ዘንድ ጎልማሳ የሚዘፍነው ስለሚወደው በሬው ነው፤ ስለ ቀለሙ፣ ስለ ቀንዱ፤ ወጣት በበሬው ቀለም ስም ይጠራል፤ ዘፋኙን ለማወቅ የፈለገ በሬውን ይጠይቃል እንጂ ሚስቱን አይጠይቅም። ወጣቱም በሚያውቃት አማርኛ «ይሄ ሰውዬ፣ በሬው ምን ዓይነት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ በዚህ ጉባኤ ተነሥቶ አያውቅም። ጋሼ ዝም አሉ፤ ዓመተ ምሕረቱን የሚያውቁት ሁሉ በሬውን አላገኙበትም። ሾፌሩ ግን ሾፌር ነውና መንገድ አያጣም፤ «አያቶቹ ወሊሶ ናቸው፤ ወሊሶ እርሻ ነው፤ እርሻ ካለ በሬ አለ» አለ። ይህ ማስረጃ ሆኖ ጸደቀ። ልብስ ሰፊው ዳለቻ ነው አለ፤ ተማሪው በስልኩ ሊፈልግ ጀምሮ መረብ አጣ፤ ጋሼ፣ ምሁር ናቸውና፣ «በሬው ባይገኝም ልጁ እረኛ ሳይሆን አይቀርም፤ እረኛ ከሆነ ደግሞ የሚወደው ይኖረዋል» ብለው ወደ ቦቃ አዘነበሉ። ወጣቱ ሁሉን በትዕግሥት ሰምቶ፣ ቦቃ የተባለው ጥሩ ነው የሚል ይመስል ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ወደ ገበያው ሄደ።

ክርክሩ ግን አልሄደም። በማግሥቱ ሾፌሩ፣ መኪናዋ የጫነችው በሬ ነበር፣ ልጁም የተደበቀው ከገዛ በሬው ጎን ነው የሚል አዲስ ምዕራፍ ይዞ መጣ፤ ይህንንም ሲናገር «ቀንሺው እስቲ» አለ። እኔ በነገሩ መግባት አልፈለግሁም ነበር። ዳሩ ግን ቦቃ ማለት ትንሽ ይበዛል፤ በወሊሶ አካባቢ በዓይኔ ካየሁት ይልቅ ቡሬ ሳይሆን አይቀርም ባይ ነኝ፤ ቡሬ ሆኖም ቀንዱ ወደ ፊት ያጋደለ፤ ለዚህም ምክንያቴን ጋሼ ከጡረታ ክፍያቸው ሲመለሱ እነግራቸዋለሁ።