የዳሌ እስክስታ

ልናዘዝ። ስለ መኪና ብዙ የማወራ፣ ጥቂት የማውቅ ሰው ነኝ። እዚህ ኦሃዮ፣ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ ቡና በምንጠጣበት ቤት ይህን ከእኔ በቀር ሁሉም ያውቀው ኖሯል።

በፈረንጆቹ 2001 የተሠራች ማዝዳ ሚያታ ገዛሁ። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ የኋላ ጎማዋ የሚገፋት። ዕድሜዬ ለሽበት እንጂ ለእንዲህ ያለ መኪና አልነበረም። ማንም ሳይጠይቀኝ «አንድ ቀን ሚድ-ኦሃዮ ወስጄ እፈትናታለሁ» ማለትም ጀመርኩ። ከ1962 ጀምሮ ውድድር የሚካሄድበት፣ ሌክሲንግተን አጠገብ ያለው መም ነው። እስካሁን አጥሩን እንኳ አላየሁትም።

ቁመቷ ስላልጣመኝ አጭር ሞላ አስገባሁባት። ጎማውን 38 ፒኤስአይ ነፋሁት፤ በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት 26 ይላል። ወረቀቱን አንብቤዋለሁ፣ አላመንኩትም እንጂ። አዲስ አበባ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ጎማ ማለት በእግር ሲመቱት «ድም» የሚል ነገር ነው። 26 የብስክሌት መሰለኝ። (አብዛኛው ብስክሌት እንዲያውም ከዚያ በላይ ይፈልጋል፤ ይህንንም አላውቅም ነበር።)

ከዚያ ጭፈራው መጣ። የኦሃዮን ክረምት ታውቁታላችሁ፤ ውሃው ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ሌሊት በረዶ ሆኖ ያብጣል፣ ቀን ይሟሟል፣ መጋቢት ላይ አስፋልቱ ይቦረቦራል። ከሞርስ ሮድ ወደ ሊንደን ስወርድ፣ ቀጥ ባለው ላይ ጨዋ ናት። ጉብታና መታጠፊያ ሲገናኙ ግን ኋላዋ ዘሎ ወደ ጎን ይሄዳል። ሲማክስ አውቶቡስ ተሳፋሪውን ይዞ በእርጋታ ያልፈኛል፤ እኔ መሪው ላይ ተጣብቄ ላብ ያጠምቀኛል።

መጀመሪያ መንገዱን ሰደብኩ። ቀጥሎ ደህናውን ሾክ አስወልቄ አዲስ ገዛሁ። ጭፈራው ቀጠለ። ዲፍረንሻሉን ጠረጠርኩ፤ ዲፍረንሻል ምን እንደሚሠራ ማስረዳት ብችል ኖሮ ጥርጣሬዬ ክብር ይኖረው ነበር። አላይመንት ማሳየቴ ብቻ ከወጉ አልወጣም። የኋላ ጎማዎች ፊታቸውን ጥቂት ወደ ውስጥ ካላዘነበሉ፣ በየጉብታው መኪናዋ ትዋልላለች። ባለሙያው ለክቶ «ልክ ነው» አለኝ። መለኪያው ተበላሽቷል ብዬ ወጣሁ።

በመጨረሻ ዕድሜያቸውን ታክሲ ሲነዱ የኖሩ አንድ ጋሼ «ና እስቲ፣ አሳየኝ» አሉኝ። ተንበርክከው ኋላዋን አዩ። ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ አውጥተው የሾኩ ዘንግ ላይ አሰሩ። «እስከ ሐድሰን ጎዳና ደርሰህ ተመለስ» አሉኝ።

ስመለስ ማሰሪያዋ ሽቅብ ተገፍታ ዘንጉ ጫፍ ካለው ማቆሚያ ላስቲክ ሥር ተለጥፋለች።

«አየህ፣ ሞላህ አጭር ነው። ሾኩ አንድ ጣት እንደሄደ ላስቲኩን ይመታል። ከዚያ ወዲያ መኪናዋ የቆመችው በሞላ ሳይሆን በላስቲክ ነው። ጎማው ወደ ላይ መሸሻ ሲያጣ ኋላዋ እንዳለ ይዘላል። አየርስ ስንት ነው የሞላኸው?»

«38፣ ጋሼ።»

«ጉብታውን መዋጥ የነበረበትን ጎማ ኳስ አደረግኸው። የስንት ዓመት ነው?»

«አዲስ ነው! ጥርሱ ሙሉ ነው።»

በመሐረባቸው የጎማውን ጎን ጠረግ አደረጉት። መጨረሻው ላይ 3108 የሚል አራት አኃዝ ወጣ፤ የፈረንጆቹ 2008፣ 31ኛ ሳምንት። ጥርሱ ሙሉ የሆነው ጎማው ቆሞ ስለኖረ ነው፤ ላስቲኩ ደርቆ ቀንድ ሆኗል። ጋሼ አልሳቁም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር።

የፋብሪካ ሞላዋን መለስኩላት፣ ጎማ ቀየርኩ፣ 26 ነፋሁ። አሁን ያንኑ ጉብታ ዋጥ አድርጋ ታልፋለች። ቡና ቤት «ምን ሆና ኖሯል?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ ጋሼ ፊት ለፊቴ መቀመጣቸውን እያየሁ፣ «ዲፍረንሻሉ ነበር» አልኩ።

ጋሼ ስኒያቸውን አንስተው ወደ መስኮቱ ዞሩ።