የጨዋ ልጅ አስተዳደግ

የማዕድን ኩባንያው የሪዮ ቲንቶ ስም ሲነሣ ሰው ለሐሜት ይቸኩላል። «አሳዳጊ የበደለው» የሚሉትም አሉ። እግዜር ይይላቸው፤ አሳዳጊዎቹ እሱን አንድም ቀን በድለውት አያውቁም።

የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1873 ነው። ካዝናው የተራቆተበት የስፔን መንግሥት አንዳሉሲያ ያለውን የመዳብ ተራራ ለለንደን ነጋዴዎች ሸጠ። ልጁ መክፈሉን የሚክድ የለም፤ ለተራራው ከፈለ፣ ተራራውንም ከፈለው። ስሙን ያገኘው እዚያው ከሚወርደው ቀይ ወንዝ ነው። ከስሙ ሌላ ምን አገኘ ብሎ መጠየቅ ምቀኝነት ይሆናል።

15 ዓመት ሳይሞላው ማጨስ ለመደ። ድንጋዩን ሜዳ ላይ ከምሮ ለወራት ያነደዋል፤ ሰብሉ ይጠወልጋል፣ ሰው ይስላል። በ1888 የካቲት ገበሬውና ሠራተኛው «ጭሱ በዛብን» ብለው አደባባይ ሲወጡ የአሳዳጊው ወታደሮች ተኮሱ። ልጁ ጠመንጃ አልነካም። መዝገቡ 13 ሞቱ ይላል፤ አገሬው ግን በቁጥር ንፉግ አይደለምና እስከ 200 ያደርሰዋል።

በ1962 ኮንሶሊዴትድ ዚንክን አግብቶ ወገቡ ሰፋ። ማዕዱም ባሕር ተሻገረ። ቡገንቪል ደሴት ላይ፣ ፓንጉና በሚባል ቦታ፣ ከ1972 ጀምሮ መዳብና ወርቅ ቀረበለት። ጨዋ ልጅ አቀርቅሮ ነው የሚበላው። ፍርፋሪውንም ብቻውን አልያዘም፤ ከአንድ ቢሊዮን ቶን በላይ የሚሆነውን ለወንዙ ተወለት። በ1989 ባለመሬቶቹ ተነሡ፣ ማዕዱም ተነሣ። የዚያ አገር አሳዳጊ ግን ዝም አላለም፤ ተከትሎ የመጣው ጦርነት እስከ 20 ሺህ ሰው እንደበላ ይገመታል። በ2016 ልጁ ድርሻውን በሙሉ፣ ሰባራ ሳንቲም ሳይጠይቅ፣ ለደሴቲቱና ለፓፑዋ ኒው ጊኒ ሰዎች አስረከበ። ጉድጓዱን እንኳ ለራሱ አላስቀረም።

ፈቃድ መጠየቅ ደግሞ ከልጅነቱ የለመደው ነው። ምዕራብ አውስትራሊያ፣ ጁካን ገደል ውስጥ፣ ሰው ከ46 ሺህ ዓመት በፊት የተጠለለበት ዋሻ ነበር። በ2013 ፈቃዱን አገኘ። በዓመቱ ዋሻው ሲቆፈር ከሰው ጠጉር የተጎነጎነ የመታጠቂያ ቁራጭ ወጣ፤ 4,000 ዓመት የሆነው፣ በዘር ሲመረመርም እዚያው አገር ዛሬ ቆመው ከሚሄዱት ሰዎች ጋር የሚዛመድ። ፈቃድ ግን ፈቃድ ነው። በግንቦት 2020 ዋሻው በድማሚት ተነሣ። ከሥሩ 135 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ያህል የሚያወጣ ብረት ተኝቶ ነበር፤ የተኛን መቀስቀስ ነውር የሆነው ለሰው ብቻ ነው። ፊርማው የጎደለ ወረቀት አልተገኘም።

ይቅርታም ጠይቋል፣ በደንብ አድርጎ። ዋና ሥራ አስኪያጁ ቦታውን ለቀቀ። የዓመቱ ጉርሻ ቢቀርበትም ጠቅላላ ክፍያው ካምናው በልጦ ተገኘ። ይህንንም የሚያሙ አልጠፉም። መጠለያውን ላጣ ሰው እንዲህ ካልታዘነለት፣ ለማን ሊታዘን ነው?