ጨው የገባበት ሲኒ

ጅማ ላይ ጨው የሌለው ምግብ ፍለጋ የዞረ ሰው ከተማዋን በሌላ ዓይን ያያታል። እኔ ያየኋት አጎቴን ሳስታምም ነው። ልባቸው ደክሞ፣ እግራቸው እስከ ጉልበት አብጦ፣ በጀርባቸው መተኛት አቅቷቸው ከአጋሮ አመጣናቸው፤ ያንን 45 ኪሎ ሜትር ትራስ ተደግፈው እንደተቀመጡ ነው የጨረሱት። ከከተማው ሆስፒታሎች በአንዱ ተኙ። የሚያሸና መድኃኒት በመርፌ ተጀመረላቸውና ሐኪሙ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ጨው አይቀምሱም» አለኝ።

የበሽተኛ ምግብ በእኛ አገር በአብዛኛው በአስታማሚ እጅ ነው። ሆስፒታል ቢያቀርብ እንኳ ዘመድ ምሳ ዕቃ ሳያንጠለጥል አይመጣም። ስለዚህ መጀመሪያ ያቀናሁት ወደ ምግብ ቤት ነው። ወጡ ከጠዋት ተሠርቷል፣ ጨዉ ገብቷል። ሽሮ ይሠራልኝ ብል ሽሮው ሲፈጭ ጀምሮ ጨው አለበት፤ በርበሬውም እንዲሁ። ዳቦ እንኳ ጨው አለው። ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው እየዞርኩ ስጠይቅ ቆይቼ በመጨረሻ አንዲት ባለ ምግብ ቤት፣ «የእኔም እናት በዚሁ ሕመም ነው የሞቱት» ብለው በትንሽ ድስት ክክ አልጫ ለብቻው ሠሩልኝ፤ በነጭ ሽንኩርት፣ በዝንጅብልና በእርድ ብቻ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ቤት አልሄድኩም። አጎቴ አንድ ጉርሻ ቀመሱና፣ «ልጄ፣ ይሄ ለሰው ነው?» አሉኝ። ግን በሉት።

ክፍሉ ውስጥ ስንከርም እያንዳንዱ አልጋ የራሱ ሕግ እንዳለው ገባኝ። በስተግራችን ሆዱን የተቀደደ ወጣት ነበር፤ «ከአፍ ምንም እንዳይገባ» ተብሎ ቆየ። ነርሷ ጠዋት ጠዋት አየር ወጥቶት እንደሆነ ትጠይቀዋለች፤ ሲወጣለት ቀጭን ሻይ፣ ቀጥሎ የተጠለለ ሾርባ፣ ከዚያ አጥሚት እየተባለ ወደ እንጀራ ተመለሰ። በስተቀኛችን ኩላሊታቸው የደከመ አባት ነበሩ። ከነገሩ ሁሉ የከበደኝ የእሳቸው ነው። ሐኪሙን ጠይቄ ለአጎቴ ሙዝ እንድሰጥ ተፈቅዶልኝ ነበር፤ የሚያሸናው መድኃኒት ፖታሲየም ከሰውነት ጠራርጎ ስለሚያወጣ ሙዝ ይጠቅማቸዋል። ለእኚያ አባት ግን ያው ሙዝ አደገኛ ነው። የደከመ ኩላሊት ፖታሲየምን ማስወጣት ስለማይችል በደም ውስጥ ይከማቻል፣ ሲበዛም ልብን ቀጥ ሊያደርግ ይችላል። ድንች እንኳ ሲበሉ ተልጦ፣ ተከትፎ፣ በብዙ ውኃ ተቀቅሎ፣ ውኃው ተደፍቶ ነው።

አንድ ቀን ከሊሙ የመጡ አንዲት ጠያቂ ሙሉ ዘንቢል ሙዝና አቮካዶ ይዘው ገቡ። እንደ አገሩ ወግ ለዘመዳቸው ብቻ መስጠት ነውር ሆኖባቸው አልጋ አልጋውን እየዞሩ አደሉ። ሲስተሯ ስትደርስ የኩላሊቱ አባት አቮካዶውን በስኳር አሽተው ሊጀምሩ ነበር። እጃቸውን ይዛ ቀማቻቸው። ሴትዮዋ አለቀሱ፤ ልግስናቸው እንደ ክፉ ሥራ የተቆጠረባቸው መሰላቸው። ሲስተሯ አጠገባቸው ተቀምጣ አንድ በአንድ ስታስረዳቸው አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

የአጎቴ እብጠት ግን እንደተጠበቀው አልጎደለም። መድኃኒቱ ተጨመረ፤ ሚዛኑ ንቅንቅ አላለም። ነገሩን የፈታችው ያችው ሲስተር ናት። አክስቴ ከአጋሮ በመጡ ቁጥር ፔርሙዝ ሙሉ ቡና ይዘው ይመጡ ነበር፤ አንድ ቀን ለእሷም ቀዱላት። ፉት አለችና ሲኒውን አስቀምጣ፣ «እማማ፣ ጨው አለበት እንዴ?» አለቻቸው።

«ታዲያ ያለ ጨው ቡና አለ?» አሉ አክስቴ፤ ጥያቄው ገርሟቸው።

በጅማና በዙሪያዋ ገጠር ቡና በጨው የሚጠጣባቸው ቤቶች ብዙ ናቸው። ወደ ከፋ ሲወረድ ደግሞ ከቡና ቅጠል የሚፈላው ጨሞ በዝንጅብል፣ በሚጥሚጣና በጨው ይጣፍጣል። ሥሩ ሩቅ ነው። አሞሌ ጨው ከአፋር በረሃ በግመልና በአጋሰስ ተጭኖ እስከ ግቤ አገሮች ሲደርስ ዋጋው እየናረ፣ በጅማው በሂርማታ ገበያ እንደ ገንዘብ የሚመነዘርበት ዘመን ነበር። ከዚያ ቆንጠር አድርጎ ለእንግዳ ሲኒ መጨመር አክብሮት እንደነበር አልጠራጠርም። ለአክስቴም ባላቸውን ሳያከብሩ ቡና መቅዳት የሚሆን ነገር አልነበረም።

ሒሳቡን አስቡት። የዓለም ጤና ድርጅት ለጤነኛ አዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ገደማ። አጎቴ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይሉ አይነሡም፤ ዘጠኝ ሲኒ። በእያንዳንዱ ግማሽ ግራም ብቻ ቢገባ 4 ግራም ተኩል ሆነ። ያ ሁሉ ክክ አልጫ የታገለው ከዚህ ጋር ነው።

ምግብን እንዲህ መለካት ለሆስፒታል አዲስ ነገር አይደለም። ሕፃናት ክፍል በምግብ እጥረት የተጎዳ ልጅ ሲገባ ኤፍ-75 የሚባለው ወተት በሚሊ ሊትር ተለክቶ፣ ሰዓቱ ተቆጥሮ ይሰጠዋል። በ100 ሚሊ ሊትር 75 ኪሎ ካሎሪ ብቻ የሆነውም የደከመው ሰውነት ከዚያ በላይ በአንዴ ስለማይችል ነው። ሲጠነክር ኤፍ-100 ወይም ፕላምፒናት ይከተላል። በጅማ ራሷ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በሚጀምሩ ሰዎች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት አለ፤ በየቀኑ 200 ግራም ገንቢ ቅባታማ ምግብ ለሦስት ወር የወሰዱት ካልወሰዱት በ2 ኪሎ ገደማ የበለጠ ክብደት ጨምረዋል። ምግብን እንደ መድኃኒት መመጠን እዚያው ከተማ ይታወቃል ማለት ነው። የአዋቂዎች ክፍል ምግብ ግን በአንዲት ዓረፍተ ነገር፣ ያውም ወጥ ሠርቶ ለማያውቅ ወንድ ልጅ ይነገራል። ይህ ያንገበግበኛል። ቡናውን የሚያፈሉት አክስቴ በዚያ ሰዓት አጋሮ ነበሩ፤ ማንም አልጠየቃቸውም።

ቡናው ጨዉን ካጣ በኋላ እግራቸው መጉደል ጀመረ፤ ቤታቸውም ገቡ። አክስቴ አሁን በጨው ፋንታ ጤና አዳም ይጨምሩላቸዋል። ችግሩ ጎረቤት ነው። አጋሮ ላይ ቡና በየተራ ይፈላል፤ ጥሪ አይቀርም፣ ጨው የሌለው ሲኒ ለሽማግሌ ማቅረብም ለብዙ ባለቤት ያሳፍራል። አክስቴ ቤት ለቤት እየዞሩ ተናግረዋል፤ እሺ ያሉም አሉ፣ «አንድ ሲኒ ምን ያደርጋቸዋል?» ያሉም አሉ። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ወደ ጅማ ስንወርድ እሳቸውም አብረውን ይመጣሉ። ሐኪሙ የምግቡን ነገር ለእሳቸው እንዲነግራቸው፣ እሳቸውም የሚያፈሉትን፣ የሚፈጩትን፣ ጎረቤት የሚያቀርበውን ሁሉ እንዲነግሩት ጠይቄያለሁ።