በቴክኖሎጂ ቅጥር ውሸትን በልክ ለማድረግ የወጣ አዋጅ

ቀጣሪ በማስታወቂያው፣ ሥራ ፈላጊ በሲቪው፣ ሁለቱም በቃለ መጠይቁ የሚናገሩት እውነት እንዳልሆነ ሁለቱም አሳምረው ስለሚያውቁ፤

እንደ መርካቶ ዋጋ አንዱ "ይቀንስብኛል" ብሎ ስለሚጨምር፣ ሌላውም "ጨምሮብኛል" ብሎ አስቀድሞ ስለሚቀንስ፤ በዚህም ሳቢያ 2 ዓመት የሠራው 5፣ 5 ዓመት የሠራው 9 እንዲል ስለተገደደ፣ ልኩን የተናገረውም ብቻውን ተጎጂ ሆኖ ስለተገኘ፤

ውሸትን ጨርሶ መከልከል ግን ከመገናኛ እስከ ቦሌ ያሉ ቢሮዎችን ባዶ እንዳያስቀር ስለተሰጋ፤

የሚከተለው ታውጇል።

1. አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ "የሲቪና የማስታወቂያ ማስታረቂያ አዋጅ" ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል፤ የሚጠቅሰው ከተገኘ።

2. ትርጓሜ

የቃሉ አገባብ ሌላ ትርጉም የሚያሰጠው ካልሆነ በስተቀር በዚህ አዋጅ ውስጥ፦ "ፉል ስታክ" ማለት በአንድ ሰው ደመወዝ የሦስት ሰው ሥራ የሚሠራ፣ ፕሪንተር ሲበላሽም የሚጠራ ሠራተኛ ነው። "እንደ ቤተሰብ ነን" ማለት ትርፍ ሰዓት አይከፈልም ማለት ነው። "በቡድን ሠርቻለሁ" ማለት ቡድኑ ሠርቷል ማለት ነው።

3. ስለ ልምድ

ማንኛውም ቀጣሪ ቴክኖሎጂው ከመወለዱ በፊት የጀመረ ልምድ መጠየቅ አይችልም። የመተግበሪያ መሥሪያው የፍላተር የመጀመሪያው ሙሉ ስሪት የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 "በፍላተር 5 ዓመት የሠራ" ብሎ ማስታወቂያ ያወጣ ቀጣሪ ያልተወለደ ልጅ ትምህርት ቤት እንዳስመዘገበ ይቆጠራል። "አሟላለሁ" ብሎ ያመለከተውም አባሪ ነው።

4. ስለ ደመወዝ

"ደመወዝ፦ በስምምነት" የሚለው ሐረግ ተሽሯል፤ የሚስማማው አንዱ ወገን ብቻ መሆኑ ተረጋግጧልና። ኒውዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ2022 መገባደጃ ጀምሮ ቀጣሪዎች የደመወዙን ታችና ላይ በማስታወቂያቸው እንዲጽፉ ታስገድዳለች። እኛ ዘንድ አመልካቹ ሦስት ዙር ተፈትኖ፣ ኮድ ጽፎ፣ ሱፍ ተውሶ ከመጣ በኋላ "አንተስ ስንት ትጠብቃለህ?" ይባላል። ዝቅ ካደረገ ዓመቱን ሙሉ ይቆጨዋል፤ ከፍ ካደረገ በሩን ያሳዩታል። በጀቱን የሚያውቀው ጠያቂው ብቻ ስለሆነ ይህ ቁማር ነው፤ ያለ ሎተሪ ፈቃድ መጠየቅም ክልክል ነው።

"40 ሺህ" ያለ ቀጣሪ ያልተጣራ መሆኑን በዚያው ትንፋሽ ይናገራል። ከፍተኛው የደመወዝ ግብር 35 በመቶ፣ የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ በሆነበት አገር ይህን ሳይናገሩ መጨባበጥ ሠራተኛውን በወሩ መጨረሻ ሂሳብ ክፍል በር ላይ "ቀሪው መቼ ነው የሚገባው?" ያሰኘዋል።

አመልካችም የቀድሞ ደመወዙን ሲናገር ከ20 በመቶ በላይ መጨመር አይፈቀድለትም። የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ላይ ደመወዝ እንዲጻፍ እያዘዘ፣ ደብዳቤውን በእጁ ይዞ እጥፉን የሚናገር አመልካች የሚቀጣው በውሸቱ ሳይሆን በዝርክርክነቱ ነው።

5. ስለ ፈተና

"የሆቴል ክፍል ማስያዣ መተግበሪያ ከነክፍያ ሥርዓቱ በሦስት ቀን ሠርተህ አምጣ" ማለት ፈተና አይደለም፤ ነፃ ጉልበት ነው። ሰውየው ሳይቀጠር መተግበሪያው ሥራ ከጀመረ የመተግበሪያው ደመወዝ በየወሩ ለሰውየው ይላካል።

ቻትጂፒቲ የጻፈውን ኮድ ይዞ መቅረብ ይቻላል፤ አመልካቹ ግን ቢያንስ አንዴ አንብቦት ይምጣ። በቪዲዮ ቃለ መጠይቅ ላይ ጥያቄው በከበደ ቁጥር መብራት የሚጠፋበት አመልካች ከጎረቤት ምስክር ያቀርባል። (አርቃቂዎቹ በዚህ አንቀጽ ላይ ሲወያዩ መብራት በመጥፋቱ ድንጋጌው ሳይጸድቅ ታልፏል።)

6. ስለ "እንደውላለን"

"እንደውላለን" ያለ ይደውላል።

7. ስለ ሙከራ ጊዜ

አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ደንግጓል። ይህ አዋጅ እነዚያን ቀናት የጋራ ኑዛዜ ጊዜ አድርጎ ይቀበላል። ሠራተኛው ዶከር የተባለውን ሶፍትዌር በስም እንጂ በእጁ እንደማያውቀው፣ ቀጣሪውም "ዓለም አቀፍ ቡድናችን" ያለው ሁለት ላፕቶፕና ዱባይ ያለ የአጎት ልጅ መሆኑን ያለ ቅጣት ይናዘዛሉ። አብዛኞቹ ከዚህ በኋላ ተስማምተው ይሠራሉ፤ አንዱ ዶከሩን ይማራል፣ ሌላው ሦስተኛ ላፕቶፕ ይገዛል። ይህን በመጀመሪያው ቀን መነጋገር ምን እንዳከበደው ለአርቃቂዎቹ አልተገለጠላቸውም።

8. ስለ አስፈጻሚ አካል

አዋጁን የሚያስፈጽም ተቆጣጣሪ በአስቸኳይ ይፈለጋል። ተፈላጊ ችሎታ፦ ይህን አዋጅ በማስፈጸም 8 ዓመት የሠራ፣ ጫና የሚችል፣ ፕሪንተር የሚጠግን። ደመወዝ፦ በስምምነት። ምዝገባው ትናንት ተጠናቋል።